ሰርቪስ ባስደረግኩ በቀናት ውስጥ ሞተሩ ተበላሸ፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው አሉኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዳማ ነው። ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ፤ ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ የቤት መኪና ከአንድ አስመጪ ድርጅት ገዛሁ። ዋስትናዋ እንዳይበላሽ ብዬ ሰርቪስ የማስደርገው እዚሁ አዳማ ባለው የድርጅቱ ጋራዥ ነው። በቅርቡ ቅዳሜ ከሰዓት የ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ሰርቪስ አስደረግኩ። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ። ማክሰኞ አዲስ አበባ ደርሼ በፈጣን መንገዱ ስመለስ፣ ሞጆን እንዳለፍኩ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በርቶ ቀረ። ብቻዬን ስለነበርኩ መቆም ፈራሁና ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ዳር ይዤ አጠፋሁት። አስጎትቼ ጋራዡ ወሰድኳት። ከስር ስትታይ ሁለመናዋ በዘይት ርሷል።

እነሱ ግን “መብራት እየበራ ስለነዳሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ዋስትናውም አይሸፍንም” አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ የመለዋወጫውን ግማሽ እንቻልሽ፣ ሞተሩን እናውርደው፣ እዚህ ላይ ፈርሚ አሉ። ወረቀቱ “ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም” ይላል። አልፈረምኩም። የጋራዡ ኃላፊ ከአባቴ ጋር አንድ እድር ናቸው። “በቤተሰብ እንጨርሰው። ከከሰስሽ ከዚያ ዘይት ከቀየረው ልጅ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው” አሉኝ። አባቴም “ተይው፣ ከሰው አታጣይኝ” ይለኛል። መኪናዋ እዚያው ግቢ ቆማለች። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ያ ወረቀት ላይ አለመፈረምሽ ብዙ ነገር አትርፎልሻል። አሁንም አትፈርሚ። ዛሬውኑ ደግሞ አንድ ነገር አስቁሚ፤ አንቺና አንድ ገለልተኛ ባለሙያ በሌላችሁበት ሞተሩ እንዳይፈታ። እድሩም፣ ሕጉም፣ ካሳውም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ለምን መሰለሽ? ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ዘይቱ በየት በኩል እንደፈሰሰ የሚናገር ነገር አይኖርም። የላላ ቡሎን ከነበረ ጠብቆ ይገኛል። ፊልትሮው ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ያኔ የሚቀረው ያንቺ ቃልና የእነሱ ቃል ብቻ ነው። የእነሱ ደግሞ “የባለሙያ ቃል” ተብሎ ይከብዳል። “እናውርደው” ያሉት በክፋት ነው አልልም። ጋራዥ ሥራው መፍታት ነው። ግን ለአንቺ አሁን ከሞተሩ ጥገና ይልቅ የሚያስፈልግሽ የጥፋቱ ምክንያት መታወቁ ነው።

ስለዚህ ሂጂና በጨዋ ቃል “ሞተሩ እንዳይነካ፤ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ” በያቸው። እዚያው እያለሽ ያንኑ በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት ላኪላቸው። የቃል ንግግር ነገ “አላልሽም” ይባላል። የተላከ መልእክት ቀንና ሰዓት አለው።

ባለሙያ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ አዳማ በዚህ አልተቸገረችም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚያስተምር ተቋም ነው፤ ስለ ሞተር የሚያውቅ መምህር አይጠፋበትም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አውቶሞቲቭ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ለኢንሹራንስ የመኪና ጉዳት የሚገምቱ ባለሙያዎችም ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱን በግል አነጋግሪ። የሚገባውን ክፈይና ያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ ይፈርምልሽ። የሰፈር መካኒክሽም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። ዓይኑ ይጠቅምሻል። ለማስረጃነት ግን የተማረና የሚፈርም ሰው ይሻላል። የከፈልሽበትን ደረሰኝ አትጣይ። ካሳ ስትጠይቂ እሱም ይደመራል።

አሁን ምን እንደሚታይ ልንገርሽ። ይህን ካላወቅሽ እዚያ ቆመሽ የሚሉሽን ከመስማት ውጪ ምርጫ አይኖርሽም።

ዘይት ከተቀየረ በቀናት ውስጥ ካለቀ በአብዛኛው የሚጠረጠሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ ከስር ያለው የዘይት መፍሰሻ ቡሎን ነው። በደንብ ካልጠበቀ ወይም ሮንዴላው አርጅቶ ሳይቀየር ከቀረ መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል። መኪናዋ ስትነቃነቅ እየላላ ይሄዳል። ሁለተኛው ፊልትሮው ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ላስቲኩ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ሠራተኛው ካላየው አዲሱን በላዩ ላይ ያስረዋል። ሁለት ላስቲክ ተደራርቧል ማለት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይይዛል። ፍጥነት ሲጨምር፣ ዘይቱ ሲግልና ግፊቱ ሲበረታ ላስቲኩ ከቦታው ይወጣና ዘይቱ ተረጭቶ ያልቃል።

ይህ ላንቺ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ጋራዡ “የኛ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ከግቢ ሳትወጪ ይፈስ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትነጂ የት ነበረ?” ሊልሽ ይችላል። መልሱ ይኸው ነው። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ገበያ ነው መቼም የተመላለስሽው፤ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሽ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ማክሰኞ ግን በፈጣን መንገድ አዲስ አበባ ደርሰሽ ተመልሰሻል። አንዱ ጉዞ ብቻ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት በከፍተኛ ዙር ይሠራል። በከተማ ውስጥ የቻለ ደካማ እስር እዚያ አይችልም።

ሦስተኛ ነገርም አለ። ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ፣ በድንጋይ ተመትቶ ወይም ጉብታ ላይ ተፋትጎ ተሰንጥቆ ከሆነ ይታይ። ስንጥቅ ወይም አዲስ ጭረት ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጋራዡን ልትወቅሺ አትችይም። እውነቱ ወደዚያ ከወሰደ መቀበል አለብሽ። ካልተገኘ ግን “ኮፓው ደህና መሆኑ ታይቷል” ተብሎ ይጻፍ። በኋላ ይህን ሰበብ እንዳያመጡት።

መኪናዋ ተነስታ ከስር ፎቶና ቪዲዮ ይነሳ። ዘይቱ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደረጨ በግልጽ ይታያል፤ ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው የምንጩ ቦታ ከፊት በኩል ነው። ቡሎኑ በእጅ ይነካ፤ ይላላል ወይስ ጠብቋል? ቪዲዮው እየተቀረጸ ይሁን። ፊልትሮው ሲፈታ ላስቲኩ አንድ ነው ሁለት? በሞተሩ ውስጥ የቀረው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይገልበጥና ይለካ። ያንቺን የመሰለ ትንሽ የቤት መኪና ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ትክክለኛው መጠን በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። አንድ ሊትር ብቻ ከወጣ ሌላው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ዘይት ጥቂት በጠርሙስ ይቀመጥ። ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለ ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር መፋጨቱን ያሳያል። ፊልትሮውን ራስሽ ወስደሽ ቤትሽ አስቀምጪ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪሎ ሜትርም ፎቶ ይነሳ። ሰርቪስ ሲደረግ ከተመዘገበው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደነዳሽ በቁጥር ይናገራል።

ይህ እስኪያልቅ ማንም ሞተሩን አስነስቶ “እስቲ ድምፁን እንስማ” እንዳይል። አንድ ጊዜ ማስነሳት ጉዳቱን ይጨምራል።

አሁን ወደምትፈሪው ነገር ልምጣ። መብራቱ እየበራ ነድተሻል። ይህን አትደብቂ። እንዲያውም በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ጻፊው፤ መቼ በራ፣ የት፣ ምን ያህል ነዳሽ፣ ለምን። እውነቱን አንቺ ካልሽው እነሱ እንደ መሣሪያ ይዘው የሚወጡበት ነገር አይኖራቸውም። ደግሞም ትክክል ነው።

ግን መብራቱ ምን እንደሚል ይታወቅ። ቀዩ የዘይት መብራት በሞተሩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ አይነግርም። የሚያየው ግፊትን ነው። እንዳንቺ ዘይት ፈስሶ ሲበራ ደግሞ ዘይቱ ቀድሞ በጣም ጎድሏል፤ ፓምፑ የሚስበው አጥቷል ማለት ነው። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ መካኒኮቹ ኮሎ የሚሉት፣ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ጉዳቱ ወዲያው ይጀምራል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ የነዳሽው መንገድ ጉዳቱን አባብሶታል። ይህን መካድ አይቻልም። ዘይቱን ያፈሰሰው ግን ያ አይደለም። ጋራዡ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅዳሜ የሞላችሁት ዘይት ማክሰኞ የት ሄደ? በዚህ ጥያቄ ላይ ጽኚ። ወደ መብራቱ ሲወስዱሽ ወደ ዘይቱ መልሻቸው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው ያንቺንም ድርሻ ሊመዝን ይችላል። ካሳው ሊቀንስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይሰረዝም፤ መነሻው የእነሱ ሥራ መሆኑ ከታየ። ለወደፊቱ ደግሞ፣ ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ በዳርቻው መስመር ቆመሽ ሞተሩን ወዲያው አጥፊ፤ አደጋ አመልካች መብራት አብሪ፣ ከመኪናዋ ወርደሽ ከመንገዱ አጥር ወዲያ ቁሚ። ብቻዋን የምትነዳ ሴት መፍራቷን እረዳለሁ። ያም ሆኖ ያ መብራት ጊዜ አይሰጥም።

“ዋስትናው አይሸፍንም” ያሉሽ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ዋስትና ፋብሪካው ለሠራው መኪና የሚሰጠው ቃል ነው። የተሠራበት ዕቃ ጎድሎ ከተገኘ እንቀይራለን ይላል። ያንቺ ጥያቄ ግን ፋብሪካው ላይ አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ ዘይት የቀየረው ጋራዥ ሥራውን በትክክል ሠራ ወይ የሚል ነው። ዋስትናው ባይኖር፣ መኪናዋ አሥር ዓመት ቢሆናት እንኳ ያው ጥያቄ አለሽ። ዋስትናው አይሸፍንም ሲሉሽ “እሺ፣ እኔ የምጠይቀው በዋስትናው አይደለም፣ በሰርቪሱ ነው” በይ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢያት። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለሽም ተስፋ አታድርጊበት፤ በተለምዶ የግጭትን፣ የእሳትንና የስርቆትን እንጂ የሞተር ብልሽትን አይከፍልም።

ሕጉ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚህ ሌላ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብትም እዚያው ተጽፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ውል ያልተፈጸመለት ሰው መጀመሪያ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ አንቀጽ 1772 ነው። ከደብዳቤሽ እንደማየው ከ15 ቀኑ የተወሰነው አልፏል። “በቤተሰብ እንጨርሰው” እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ካንቺ ላይ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ባለሙያው እስኪመጣ ሳትጠብቂ ደብዳቤውን አስገቢ። ቀኑ ቢያልፍም ለጉዳቱ ካሳ መጠየቅ የሚያስችል መንገድ አይዘጋም፤ ግን ለምን ያስቸግርሽ?

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ስድብም ምሬትም አይግባበት። እንዲህ ብትጽፊው ይበቃል፦

“መኪናዬን ቅዳሜ (ቀኑን ጻፊ) ለ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ሰርቪስ በጋራዣችሁ አስገብቼ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮልኛል። የከፈልኩበት ደረሰኝ ተያይዟል። ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ስመለስ የዘይት መብራት በርቶ፣ በአስጊ መንገድ ላይ ብቻዬን ስለነበርኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቼ ሞተሩ ሲንኳኳ አቁሜያለሁ። ሲታይ የተሞላው ዘይት ፈስሶ ተገኝቷል። ይህ የሆነው በሰርቪሱ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለሆነም የፈሰሰበት ምክንያት እኔና የመረጥኩት ባለሙያ ባለንበት እንዲጣራ፣ ያለ እኔ ስምምነት ሞተሩ እንዳይፈታ፣ የጆብ ካርዱ (የሥራ መዝገቡ) ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ ሞተሩም በድርጅቱ ወጪ በአዲስ መለዋወጫ እንዲጠገንልኝ ወይም ተመጣጣኝ ካሳ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ለድርጅቱ እንጂ ለማንም ሠራተኛ በግሉ የቀረበ አይደለም። በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ በሕግ የተጠየቀው ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ አሳስባለሁ።”

በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን ይውሰዱ፤ ባንቺ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ማህተሙን ያድርግ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪ፤ የላክሽበት ደረሰኝ ማስረጃ ነው። አንድ ግልባጭ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ይሂድ። ይህን በጣም እመክርሻለሁ። ቅርንጫፍ ላይ ያለ ኃላፊ ስሙ እንዳይነሳ ስለሚፈራ ነገሩን ግቢው ውስጥ ሊጨርሰው ይፈልጋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን የሚያስበው ስለ ድርጅቱ ስም ነው። ገና መኪና የሚሸጥላቸው ብዙ ሰው አለ።

ጆብ ካርዱን በተለይ አጥብቀሽ ጠይቂ። ማን ሠራው፣ ማን አረጋገጠው፣ ምን ዓይነት ዘይት ስንት ሊትር ገባ የሚለው እሱ ላይ ነው ያለው። ብዙ ጋራዥ “የውስጥ ሰነድ ነው” ይላል። ቢያንስ ቁሚና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የከፈልሽበት የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ደግሞ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርጊው። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈልሽ መልእክቱንም አትሰርዢ።

ስለ እድሩ እንነጋገር። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ኃላፊው ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላስብም። ምናልባት ከልባቸው ሊያስታርቁ ፈልገው ይሆናል። ግን እዚህ ቦታ ላይ አስታራቂ ሊሆኑ አይችሉም፤ የአንዱ ወገን ኃላፊ ናቸው። ሽምግልና የሚያምረው ሽማግሌው ከሁለቱም ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለ ልጁ ደመወዝ የነገሩሽ ነገር ደግሞ ባንቺ ላይ ባይጭኑት ጥሩ ነበር። ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ለደንበኛ የሚጠየቀው አሠሪው ነው። ድርጅቱ ከልጁ ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም የሚለው የድርጅቱ ውሳኔ እንጂ ያንቺ አይደለም። ልጁ አሳዝኖሻል፤ ማዘንሽ ጥሩ ነው። ለዚህ ነው በደብዳቤው ላይ “ለማንም ሠራተኛ በግሉ አይደለም” የሚለውን ያስገባሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ በተጨናነቀበት ሰዓት አንድ ልጅ ያሰረውን ቡሎን ሌላ ሰው ሳያረጋግጥ መኪና ከወጣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ድርጅቱ ነው። ዝም ካልሽው የሚቀጥለው ሰው መኪና ላይም ይደርሳል፤ ያ ሰው ደግሞ ልጆች ጭኖ ሊሆን ይችላል።

ኃላፊውን ግን ሳታናግሪ ደብዳቤ አታስገቢ። ቀድመሽ ሂጂ። እንዲህ በያቸው፦ “ጋሼ፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማየው፤ አክብሮቴ አይቀንስም። ይህ ግን የእርስዎና የኔ ጉዳይ አይደለም፣ የድርጅቱና የደንበኛው ነው። ደብዳቤ አስገባለሁ። ከሰው ሳይሰሙ ከኔ ይስሙት ብዬ ነው።” እንዲህ የተነገረው ሰው የሚቆጣ አይመስለኝም። ደብዳቤው እሳቸውንም ይጠቅማቸዋል፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ለመጠየቅ እጃቸው ላይ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።

ለአባትሽም ቢሆን ነገሩን አስረጃቸው። አባትሽ የሚፈሩት ጠብ ነው። ጠብ ያለው ጩኸት፣ ስድብና ሐሜት ውስጥ ነው እንጂ በማህተም በገባ ደብዳቤ ውስጥ አይደለም። ቢፈልጉ አብረውሽ ይሂዱ። ከእድሩ ውጪ የሆነ፣ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ተፈልጎ ቢሸመግል ደግሞ አልቃወምም። ስምምነቱ በጽሑፍ እስከሆነና 15 ቀኑ ሳያልቅ ደብዳቤሽ እስከገባ ድረስ።

ምናልባት ደብዳቤው ሲደርሳቸው የተሻለ ሐሳብ ይዘው ይመጡ ይሆናል። ያኔ ልብ በይ። “ሞተሩን በሌላ እንቀይርልሽ” ሊሉሽ ይችላሉ። ደስ ይላል፤ ግን ምን ዓይነት ሞተር? አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? የሞተር ቁጥር ሊብሬሽ ላይ ተጽፏል። ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። የገባው ሞተር የጉምሩክ ሰነድ ከሌለውና ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት ካልተመዘገበ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ስትሄጂ ወይም መኪናዋን ስትሸጪ ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ ሰነዱን እነሱ ይዘው ሊብሬውን በእነሱ ወጪ ያስተካክሉ። ይህ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። መጠገንን ከመረጡ የሚገቡት ዕቃዎች አዲስና ኦሪጅናል መሆናቸው፣ የተቀየሩት አሮጌዎቹ ላንቺ እንደሚሰጡ፣ ለጥገናውም ስንት ወርና ስንት ኪሎ ሜትር ዋስትና እንደሚሰጡ ይጻፍ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ታውቂያለሽ። ያቺን መኪና ሸጬ ሌላ አዲስ እገዛለሁ ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ጥገናው የይድረስ ይድረስ እንዲሆን አትፍቀጂ።

“ግማሹን እንቻልሽ” ስላሉሽ ደግሞ። ግማሽ የምን ግማሽ ነው? የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ ከሆነ የእጅ ዋጋው ላንቺ ላይ ሊወድቅ ነው። ያንቺን የመብራት ድርሻ አስበሽ ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ብትካፈይ ለመስማማት ሲባል ልትቀበይው ትችያለሽ። እኔ ብሆን ምክንያቱ ተጣርቶ ሪፖርቱን ሳላይ ስለ ቁጥር አላወራም። “ምንም ጥያቄ አላነሳም” የሚለው ሐረግም ቢያንስ ጥገናው ተጠናቆ፣ መኪናዋ ተፈትሻ እስክትረከቢ ድረስ መግባት የለበትም።

እስከዚያው ወጪሽን ያዢ። የተጎተተችበት ክፍያ፣ ዕቃ ከመርካቶ ለማምጣት ለሚኒባስና ለጭነት የምትከፍይው፣ የባለሙያው ክፍያ፣ ሁሉም በደረሰኝ። ደረሰኝ የማይሰጥበት ቦታ ቀኑንና መጠኑን በደብተር ጻፊ።

በሰባት የሥራ ቀን መልስ ካልሰጡ ወይም እምቢ ካሉ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። የደብዳቤሽን ቅጂ፣ ደረሰኙን፣ ፎቶዎቹንና የባለሙያውን ሪፖርት አያይዢ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ቢጻፍ ነገሩ ይፈጥናል። ራስሽ የማትጽፊ ከሆነ በፍርድ ቤቶች አካባቢ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይሠሩልሻል። ከዚያ በላይ ከሄደ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የዳኝነት ክፍያው በምትጠይቂው ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ፣ ጠበቃ ከማነጋገርሽ በፊት የጥገናውን ትክክለኛ ግምት ከሌላ ጋራዥም በጽሑፍ አስወጪ። ብዙው ጉዳይ ግን እዚህ አይደርስም። የተደራጀ ሰነድ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ድርጅቶች መነጋገር ይመርጣሉ።

መኪናዋን የምትረከቢ ቀን ከግቢው ሳትወጪ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ እይ። ሞተሩን አስነስተሽ መብራቱ ወዲያው መጥፋቱን አረጋግጪ። መካኒኩ አብሮሽ ተቀምጦ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሞክሯት፤ ተመልሳችሁ ከስሯ ተመልከቱ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና ዘይቱን ለኪ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄጂው ከዚያ በኋላ ይሁን።

የጋራዡ የጽሑፍ መልስ ሲደርስሽ ላኪልን፤ ከመፈረምሽ በፊት አብረን እናየዋለን።